ስማቸው ያልተጻፈላቸው ዘማቾች፦ የናይሮቢው ሐውልት ጉዳይ

ናይሮቢ መሀል ከተማ፣ ኬንያታ ጎዳና ላይ፣ ሦስት የነሐስ ሰዎች ቆመዋል። ከሦስቱ አንዱ ተዋጊ አይደለም፤ ተሸካሚ ነው። ሐውልቱ የቆመው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከእንግሊዝ ጦር ጋር ዘምተው ለሞቱ የምሥራቅ አፍሪካ ሰዎች መታሰቢያ እንዲሆን ታስቦ ነው። ቀኖቹንም ወሮቹንም ዓመቶቹንም የማነሣው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

ከሥሩ በእንግሊዝኛ፣ በስዋሂሊና በዐረብኛ የተጻፈ ቃል አለ። የእንግሊዝኛውን ያዘጋጀው ደራሲው ሩድያርድ ኪፕሊንግ ነው። ቃሉ ወታደሮቹን ያመሰግናል። ተሸካሚዎቹን ደግሞ የሠራዊቱ እግርና እጅ ነበሩ ይላቸዋል። መጨረሻው ላይ እንዲህ ይላል፦ «ለአገርህ ብትዋጋ፣ ብትሞት እንኳ ልጆችህ ስምህን ያስታውሳሉ።»

ሐውልቱ ላይ ግን የአንድም ሰው ስም የለም።

ተመሳሳይ ሐውልት ሞምባሳ አለ። ዳሬሰላምም አለ። የዳሬሰላሙ የቆመው ጀርመኖች ለገዢያቸው ለሄርማን ፎን ቪስማን ሐውልት አቁመውበት በነበረው ቦታ ላይ ነው። እዚያም ስም የለም። ለአሥር ሺዎች ሟቾች የተሰጠው መታሰቢያ በአብዛኛው ይኸው ነው። ሦስት ከተማ ላይ ሦስት ሐውልት።

«ጊዜው የጦርነት ነበር፣ መዝገብ ጠፍቶ ነው» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። እኔም ጉዳዩን ገብቼ ሳላየው የምገምተው ይህንኑ ነበር። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ስሞቹ በአብዛኛው ያልተጻፉት፣ እንዳይጻፉ የወሰኑ ሰዎች ስለነበሩ ነው። ውሳኔው ደግሞ ወረቀት ላይ አለ።

ጦርነቱን የተሸከሙት

ጦርነቱ ሲጀመር፣ ነሐሴ 1914፣ የዛሬዋ ኬንያ የእንግሊዝ ግዛት ነበረች። የዛሬዎቹ ታንዛኒያ፣ ሩዋንዳና ቡሩንዲ ደግሞ በጀርመን እጅ ነበሩ። እንግሊዞች ነገሩን በአጭሩ ለመጨረስ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ በጀርመኖች እጅ ያለውን የታንጋን ወደብ ለመያዝ ሞከሩ። ተሸንፈው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ጦርነቱ አራት ዓመት ወሰደ። የጀርመኑ አዛዥ ፓውል ፎን ሌቶቭ ፎርቤክ ጫካ ለጫካ እያፈገፈገ ጠላቱን ሲያስከትል ከረመ። እጁን የሰጠው አውሮፓ ውስጥ ተኩስ ከቆመ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ኅዳር 25 ቀን 1918፣ የዛሬዋ ዛምቢያ ውስጥ ነው።

በሁለቱም ወገን ከተዋጉት ብዙዎቹ አፍሪካውያን ናቸው። አስካሪ ይባላሉ። በእንግሊዝ በኩል ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ የተባለው ጦር ሲጀመር ሦስት ሻለቃ ብቻ ነበር። ጦርነቱ ሲያልቅ 22 ሻለቃ ደርሷል።

የሞቱን ቁጥር ያበዛው ግን ውጊያው አልነበረም። ስንቅ ማጓጓዙ ነው። አገሩ ሰፊ ነው፤ መንገድ የለም። ፈረስ፣ በቅሎና በሬ እንዳይጠቀሙ ቆላ ዝንብ አለ። ከብቱ በገንዲ በሽታ በሳምንታት ውስጥ ያልቃል። መኪናው በዝናብ ወቅት ጭቃ ውስጥ ይሰምጣል። ስለዚህ ጥይቱም፣ ዱቄቱም፣ ድንኳኑም፣ ቁስለኛውም በሰው ጫንቃ ሄደ። አንድ ሰው ከ20 ኪሎ በላይ ይዞ በየቀኑ ይጓዛል። ተሸካሚው ራሱም መብላት አለበት። ጦሩ በራቀ ቁጥር ለተሸካሚዎቹ ምግብ የሚሸከሙ ሌሎች ተሸካሚዎች ያስፈልጋሉ። ቁጥሩ ያበጠው በዚህ ምክንያት ነው። በጦርነቱ ዘመን በእንግሊዝ በኩል ብቻ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው በጉልበት ሥራ እንደተሰማራ ይገመታል።

መጀመሪያ ላይ አንዳንዱ ለደመወዝ ብሎ በፈቃዱ ሄዷል። ብዙም ሳይቆይ ግን በ1915 የግዳጅ ምልመላ የሚፈቅድ ሕግ ወጣ። ደመወዙም ተቀነሰ። በ1917 ዘመቻው ወደ ደቡብ ሲገፋ ምልመላው እጅግ በረታ። የየአካባቢው ሹማምንት ይህን ያህል ወንድ አምጡ ተባሉ። አመጡም። መንደሮች ጉልበት ያለው ሰው አጡ።

ከሞቱት ብዙዎቹን የገደለው በሽታ ነው። ተቅማጥ፣ ወባ፣ የሳንባ ምች። ከደጋ የመጣው ሰው ቆላ ወርዶ በወባ ተመታ። ወተትና ሙዝ የለመደው የበቆሎ ዱቄት ተሰጠው፤ በደንብ የሚያበስልበት ጊዜም ዕቃም የለውም። ሆዱ ተበላሸ። ልብሱ ስስ፣ ብርድ ልብሱ አንድ። በመጨረሻም እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው ወረርሽኝ መጣና የተረፈውን አጨደ። በይፋ የተመዘገቡት የተሸካሚዎች ሞት ከ40,000 በላይ ነው። ተመራማሪዎች እውነተኛውን ቁጥር ወደ 100,000 ያደርሱታል።

ከቅኝ ግዛት ሚኒስቴሩ ባለሥልጣናት አንዱ ነገሩን በግልጽ ጽፎታል። የዘመቻው አያያዝ ትልቅ ቅሌት ሳይሆን የቀረው ከሁሉ በላይ የተጎዱት ተሸካሚዎቹ ስለሆኑ ነው፤ ለአገሬው ተሸካሚ ደግሞ ማን ይጨነቃል የሚል ነው ሐሳቡ። ይህን አንብቤ ለረጅም ጊዜ ከአእምሮዬ አልወጣም። ሰውየው ክፋት ሊሠራ አልነበረም። የነበረውን እውነት ነው የተናገረው።

ለሁሉም እኩል የተባለው ቃል

አሁን ወደ መታሰቢያው እንምጣ። በግንቦት 1917 ለንደን ውስጥ አንድ ድርጅት ተቋቋመ። ኢምፔሪያል የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ይባላል፤ የዛሬው የኮመንዌልዝ የጦር መቃብሮች ኮሚሽን ማለት ነው። መሥራቹ ፋቢያን ዌር ነው። ድርጅቱ የተነሣበት ሐሳብ ለዘመኑ እጅግ የሚገርም ነበር። ጄኔራሉም ተራ ወታደሩም አንድ ዓይነት የመቃብር ድንጋይ ይኑራቸው። ሀብታም ልጁን በገንዘቡ ወደ አገር ቤት አያምጣ። አስከሬኑ የተገኘ በስሙ ድንጋይ ይቁምለት፤ ያልተገኘ ስሙ በመታሰቢያ ግድግዳ ላይ ይቀረጽለት። በዘር፣ በማዕረግ፣ በሃይማኖት ልዩነት አይደረግ።

ኪፕሊንግ የኮሚሽኑ የጽሑፍ አማካሪ ነበር። በየትልልቁ የመቃብር ስፍራ የሚታየውን ቃል ከመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 44 የመረጠው እርሱ ነው። ስማቸው ለዘላለም ይኖራል ይላል። ኪፕሊንግ ይህን ሲመርጥ የራሱ ልጅ ጆን በ1915 ፈረንሳይ ውስጥ ሎስ በተባለ ቦታ ሞቶ አስከሬኑ አልተገኘም ነበር። ስም ለወላጅ ምን እንደሆነ ጠንቅቆ ያውቃል።

ፈረንሳይና ቤልጅየም ውስጥ ቃሉ ተጠብቋል። እዚያ ያለውን ሥራ ማድነቅ ይገባል። ለማንም ለማይታወቅ የእርሻ ልጅ እንኳ ስሙ ድንጋይ ላይ ተፈልጎ ይገኛል። ምሥራቅ አፍሪካ ላይ ግን ሕጉ ተቀየረ። ለአውሮፓውያኑ ድንጋይ ቆመ፤ መቃብራቸው ላልታወቀም ናይሮቢና ዳሬሰላም ላይ መታሰቢያ ተሠራ። ለአፍሪካውያኑ ሐውልት ይበቃል ተባለ።

ማን ምን አለ?

የዛሬው ኮሚሽን ራሱ ባሠራው ጥናት ላይ የወጡ ደብዳቤዎች አሉ። ከእነርሱ አንዱ ከጀርመኖች የተወሰደችው የታንጋኒካ (የዛሬዋ ታንዛኒያ ዋና ምድር) ገዥ የነበረውን ሆራስ ባያትን የሚመለከት ነው። ሐሳቡ፣ በዳሬሰላምና በሌሎችም ቦታዎች ያሉት ሰፋፊ የተሸካሚ መቃብሮች ቶሎ ብለው ወደ ጫካነት ይመለሱ የሚል ነው። ምክንያቱም አብሮ አለ። ጀርመኖችን ለማስወጣት ስንት አፍሪካዊ እንዳለቀ የሚያሳየውን ቁጥር ማሰብ አይፈልግም።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ሰውየው መቃብሮቹ የት እንዳሉ ያውቃል። ብዛታቸውንም ያውቃል። መረጃ አልቸገረውም። የቸገረው ቁጥሩ መታየቱ ነው። መቃብር ተለይቶ ቢጠበቅ ሰው ይቆጥረዋል። ከተቆጠረ ደግሞ ጥያቄ ይነሣል። ሐውልት ግን አንድ ሆኖ ሺውን ይሸፍናል።

በምዕራብ አፍሪካም ያው ነው። በ1923 የጎልድ ኮስት፣ የዛሬዋ ጋና፣ ገዥ ጎርደን ጉጊስበርግ ስለ መቃብር ድንጋይ ተጠይቆ፣ ተራው የአገሬው ሰው ድንጋዩን አይረዳውም፣ አያደንቀውም አለ። የኮሚሽኑ ሰው አርተር ብራውን መልስ ደግሞ ምናልባት ከሁለትና ሦስት መቶ ዓመት በኋላ ሕዝቡ ሲሠለጥን ድንጋዩ ስለቆመ ደስ ይለው ይሆናል የሚል ነበር። ድንጋዩ ግን አልቆመም።

«አይረዱትም» የሚለው ምክንያት ይገርመኛል። ሟቹ እናት አለው። ሚስት አለችው። ልጁ የት ሞተ፣ ማን ቀበረው፣ ምልክት አለው ወይ ብሎ ለመጠየቅ የትኛው ሥልጣኔ ነው የሚያስፈልገው? ደግሞስ ቤተሰቦቹን የጠየቃቸው ማን ነው? በዚያ ሁሉ ደብዳቤ ውስጥ ገዥ ከገዥ፣ ጸሐፊ ከጸሐፊ ይጻጻፋል። የሟቹ መንደር ድምፅ የለበትም።

ለሥራ ሲሆን ስም አለ

ከጉዳዩ ሁሉ እኔን ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ይህኛው ክፍል ነው።

ተሸካሚዎቹ የታቀፉበት የተሸካሚ ጓድ (በእንግሊዝኛ ካሪየር ኮር) አዛዥ ኦስካር ዋትኪንስ የሚባል መኮንን ነበር። ለሰዎቹ አያያዝ መሻሻል ከበላዮቹ ጋር የተከራከረ ሰው ነው። ተሸካሚዎቹን በቁጥር የሚመዘግብ ሥርዓት አደራጀ። የግድ ነው። ደመወዝ ያለ መዝገብ አይከፈልም። ማን ገባ፣ ከየት መጣ፣ መቼ ሞተ ወይም ጠፋ የሚል ነገር በሆነ ወረቀት ላይ መኖር አለበት። መዝገቡ ሙሉ አልነበረም። ትርምስ ነበር። ግን ነበር።

ይህ መዝገብ በምን እንደሚታወቅ ልናገር። ከጦርነቱ በኋላ ያልተከፈለ ደመወዝ ተረፈ። ባለቤቶቹ ሞተዋል፤ ወራሾቻቸው አልተገኙም ወይም አልተፈለጉም። ገንዘቡ ሰዎቹ ለወጡባቸው አካባቢዎች ጥቅም ይዋል ብለው የተከራከሩ ባለሥልጣናት ነበሩ። ጉዳዩ ከቢሮ ቢሮ ሲንከባለል እስከ 1930ዎቹ ደረሰ። ዕዳው የሚታወቀው ስም ስላለ ነው። የሟቹ ስም ለሒሳብ ሲሆን መዝገብ ላይ አለ፤ ለመታሰቢያ ሲሆን የለም።

ሌላም አለ። ጦርነቱ እንዳለቀ፣ በ1919 እና በ1920፣ የኬንያ አስተዳደር ኪፓንዴ የሚባለውን መታወቂያ ሥራ ላይ አዋለ። እያንዳንዱ አፍሪካዊ ወንድ ከ16 ዓመት ጀምሮ ይመዘገባል። ስሙ፣ የጣት አሻራው፣ ቀጣሪው፣ ደመወዙ ይጻፋል። ወረቀቱ በትንሽ የብረት ማስቀመጫ ይገባና አንገቱ ላይ ይንጠለጠላል። ያለ ኪፓንዴ የተገኘ ይቀጣል። በጥቂት ዓመታት ውስጥ በመቶ ሺዎች ለሚቆጠሩ ሰዎች ታደለ።

ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ይኸው መንግሥት፣ በእነዚሁ ዓመታት፣ በሕይወት ያለውን ወንድ ሁሉ በስምና በአሻራ ለመመዝገብ አቅም አለው። የሞተውን ለመመዝገብ ግን አስቸጋሪ ነው ይላል። አስቸጋሪ አልነበረም። የሚኖረው ሰው ለነጮቹ እርሻ ጉልበት ይፈለጋል። የሞተው ግን አይፈለግም። በዚያው ሰሞን ከጦርነቱ ለተመለሱ አውሮፓውያን ወታደሮች ኬንያ ውስጥ መሬት እየተሰጠ ነበር። ለተሸካሚው የተሰጠው አንገቱ ላይ የሚንጠለጠለው ነገር ነው። በ1922 ኬንያዊው የፖለቲካ ታጋይ ሃሪ ቱኩ ኪፓንዴውንና ግብሩን ተቃውሞ ሲታሰር ናይሮቢ ላይ ሕዝብ ወጣ። ፖሊስም ተኮሰ። ብዙ ሰው ሞተ።

ከመቶ ዓመት በኋላ

ቮይ ደቡብ ምሥራቅ ኬንያ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። በጦርነቱ ጊዜ ወደ ጀርመን ግዛት የሚገፋው ጦር መነሻ ነበረች። ባቡር ሐዲድም ከእርስዋ ተነሥቶ ወደ ታቬታ አቅጣጫ ተዘርግቷል። እዚያ ያለው የጦር መቃብር ንጹሕ ነው። ሣሩ ይታጨዳል፤ ድንጋዮቹ ይታጠባሉ። በ2019 የእንግሊዝ የፓርላማ አባል የነበረው ዴቪድ ላሚ ከቴሌቪዥን ሠራተኞች ጋር እዚያ ሄደ። አጥሩ ውስጥ አውሮፓውያን አሉ። አፍሪካውያኑ የተቀበሩት ከአጥሩ ውጭ፣ ቁጥቋጦ ውስጥ፣ ያለ ምልክት ነው። ፕሮግራሙ ሲተላለፍ ኮሚሽኑ ዝም ማለት አልቻለም። አጣሪ ኮሚቴ አቋቋመ።

ሪፖርቱ ሚያዝያ 2021 ወጣ። ከ45,000 እስከ 54,000 የሚደርሱ ሟቾች ከሌሎቹ እኩል እንዳልታሰቡ አመነ። አብዛኞቹ ሕንዶች፣ ምሥራቅና ምዕራብ አፍሪካውያን፣ ግብፃውያንና ሶማሌዎች ናቸው። ከእነርሱ ሌላ ቢያንስ 116,000፣ ምናልባትም እስከ 350,000 የሚሆኑት በስማቸው ወይም ጭራሽ በምንም አልታሰቡም። ከእነዚህ አብዛኞቹ ምሥራቅ አፍሪካውያንና ግብፃውያን ናቸው። በዚያው ቀን የመከላከያ ሚኒስትሩ ቤን ዋላስ ፓርላማ ቆሞ ይቅርታ ጠየቀ። በአንዳንዱ ውሳኔ ላይ አድልዎ ድርሻ እንደነበረውም ተናገረ።

ይቅርታው ባዶ ነው የሚሉ አሉ። እኔ አልስማማም። የተቋሙን ገመና ያወጣው ከራሱ መዝገብ ቤት የተገኘ ደብዳቤ ነው። ደብቆ ማለፍ ይችል ነበር። በ116,000 እና በ350,000 መካከል ያለው ርቀት ግን ራሱ የሚናገረው ነገር አለ። በአውሮፓው ግንባር የሟቾች ስም በፊደል ተራ የተደረደረበትን ተቋም ስለ አፍሪካውያን ስትጠይቁት፣ የሚሰጣችሁ ግምት በሦስት እጥፍ ይሰፋል።

ሊሠራ እንደሚችል ማሳያም አለ። በጥር 2025 ኬፕታውን ውስጥ፣ ካምፓኒስ ጋርደን በሚባለው መናፈሻ፣ አዲስ መታሰቢያ ተመረቀ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት በአፍሪካ ምድር በጉልበት አገልግሎት ላይ ሳሉ የሞቱ ከ1,700 በላይ ጥቁር ደቡብ አፍሪካውያን ስም አለበት። እያንዳንዱ ስም በራሱ የእንጨት ምሰሶ ላይ ተጽፏል። እነዚህ ሰዎች መሣሪያ አልያዙም። ተሸከሙ፣ ቆፈሩ፣ ነዱ። ስማቸው ግን አለ። መቶ ዓመት ዘገየ፤ ይሁን እንጂ ተገኘ።

ይህን ሳነብ አንድ ነገር አሰብኩ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ከኬንያ የተነሡት የአፍሪካ ሻለቆች በ1941 ኢትዮጵያ ውስጥም ተዋግተዋል። በዚያ ጦርነት የሞቱት አስካሪዎች በኮሚሽኑ የመቃብር ስፍራዎች በስማቸው ድንጋይ ቆሞላቸዋል። ሕዝቡ ያው ነው፤ ኮሚሽኑም ያው ነው። በመካከላቸው ያለው ከሃያ ዓመት ትንሽ ቢበልጥ ነው። «አይረዱትም» የተባለው ሕዝብ በሃያ ዓመት ተለወጠ ማለት ነው? አልተለወጠም። የወሳኞቹ ሐሳብ ነው የተለወጠው።

ስሙ ከየት ይመጣል?

ኬንያ ውስጥ ኮሚሽኑ ከአገሩ ተመራማሪዎች ጋር መዛግብት እየፈተሸ ነው። ሥራው ከባድ ነው። ተሸካሚ የተመዘገበው ብዙ ጊዜ በአንድ ስም ነው፤ ከጎኑ የአባቱ ስም፣ የጎሣው ስም ወይም የአለቃው ስም ይኖራል። ጸሐፊው ቋንቋውን ስለማያውቅ በጆሮው የገባለትን ነው የጻፈው። አንድ ሰው በሁለት መዝገብ ላይ ሁለት ሰው ሊመስል ይችላል። እውነት ነው፣ ሁሉም አይገኙም። በመንገድ ላይ ወድቀው የቀሩ፣ ማንም ያልመዘገባቸው አሉ።

እንደ እኔ እንደ እኔ፣ ፍለጋው ከወታደራዊ መዝገብ ብቻ መጀመር የለበትም። የደመወዙ ወረቀት ይበልጣል። ጦሩ ሰውን ሊረሳ ይችላል፤ ገንዘብ ያዡ ግን ሒሳብ መዝጋት አለበት። ያልተከፈለው ደመወዝ የተሰላበት ዝርዝር ሁሉ የሟቾች ዝርዝር ነው። በየወረዳው የነበሩ የቅኝ ግዛት አስተዳዳሪዎች የምልመላ ደብዳቤዎችም አሉ። ከየትኛው አለቃ ስንት ሰው እንደተወሰደ የሚያሳዩ ናቸው። ስም ባይሰጡም መንደር ይሰጣሉ። ስሙ ያልተገኘ ሰው ቢያንስ ከየት እንደመጣ ሊጻፍለት ይችላል።

ሌላው ቦታው ነው። ናይሮቢ ላይ አንድ ተጨማሪ ግድግዳ ቢሠራ ክፉ አይደለም። የከተማው ካሪዮኮር ሠፈር ራሱ ስሙን ያገኘው ከተሸካሚ ጓዱ ነው፤ ዳሬሰላምም ካሪያኮ አላት። በሁለቱም ገበያ በየቀኑ ሺህ ሰው ይገባል ይወጣል። ግን ሟቾቹ የወጡት ከገጠር ነው። የልጅ ልጆቻቸውም ብዙዎቹ እዚያው ናቸው። ስለዚህ ዝርዝሩ፣ ጎደሎም ቢሆን፣ አሁኑኑ ወደ የወረዳው ይውረድ። በስዋሂሊና በየአካባቢው ቋንቋ ይጻፍ። ትክክል ያልሆነው ስም እንዲታረም፣ የጎደለው እንዲጨመር መንገድ ይከፈት። ሙሉ ዝርዝር እስኪገኝ እንጠብቅ ከተባለ አያቶቻቸው ሲያወሩ የሰሙት የመጨረሻዎቹ ሽማግሌዎች ያልፋሉ። መዝገብ ቤት ያለው ወረቀት ይጠብቃል፤ እነርሱ ግን አይጠብቁም።